የኤርሶፍት ጠመንጃዬ ጥይት ለምን ወደ ቀኝ ይታጠፋል?

ጥያቄ፦ በባትሪ የሚሠራ የኤም 4 አምሳያ የኤርሶፍት ጠመንጃ (ትንንሽ የፕላስቲክ ኳሶችን በአየር ግፊት የሚተኩስ መጫወቻ) አለኝ። ግቢያችን ውስጥ ዒላማ እተኩስበታለሁ፤ የወደቁትን ጥይቶችም ለቅሜ መልሼ ካዝናው ውስጥ እከታቸዋለሁ። ሰሞኑን ጥይቱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አፈሙዙ ውስጥ የሞተር ዘይት ባደርግበት ባሰበት። ባትሪውም አብጧል። ምን ይሻላል?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ያባሰው ዘይቱ ነው። ከውስጠኛው በርሜል ኋላ ሆፕ አፕ የሚባል ክፍል አለ፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ጎማ ጥይቷን ከላይ ጫን ብሎ ወደ ኋላ እያሽከረከረ ይሰድዳታል። ቶሎ ሳትወድቅ የምትርቀው በዚህ ነው። ጎማው ባንድ ጎኑ ዘይት ወይም አሸዋ ከያዘ ሽክርክሪቱ ይዛነፋል፣ ጥይቷም ትታጠፋለች።

ካዝናውን ያውጡ። ጥይት ውስጥ ልትቀር ስለምትችል መነጽር አድርገው፣ ወደ አሸዋ ክምር ሁለት ሦስቴ ይተኩሱና ባትሪውን ይንቀሉ። የሆፕ አፑን ማስተካከያ ወደ ዜሮ ይመልሱ። የፊተኛውን ፒን ገፍተው የላይኛውን አካል ወደ ፊት ሲስቡት ውስጠኛው በርሜል ከነሆፕ አፑ ይወጣል። ጎማውን አውልቀው በፈሳሽ ሳሙናና በውሃ ይጠቡ፣ ጥላ ላይ ያድርቁ። በርሜሉን መወልወያ ላይ በተጠቀለለ ስስ ጨርቅ፣ በትንሽ አልኮል፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይወልውሉ። ደረቅ ይሁን፤ ዘይት አያስፈልገውም።

ሲገጥሙ ይጠንቀቁ፦ በጎማው ውስጥ ያለችው ሸንተረር በርሜሉ ላይ ካለው ቦይ ጋር ልክ መግጠም አለባት። ትንሽ ከዞረች ያው ችግር ይመለሳል። ጎማው ተሰንጥቆ ወይም አብጦ ካገኙት ይቀይሩት፤ ርካሽ ዕቃ ነው።

መሬት የነካ ጥይት አያጉርሱ። ጥይቷ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ በርሜሉም ከእሷ በጥቂቱ ብቻ ይሰፋል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትቧጭረዋለች። ለድሬ ነፋስ ባለ 0.20 ግራም ጥይት ከመጠቀም ባለ 0.25ቷን እንመርጣለን። በ1 ጁል ጉልበት ፍጥነቷ ከ100 ወደ 89 ሜትር በሴኮንድ ይወርዳል፣ ነፋስ ግን እንደ ቀላሏ አይገፋትም። ሆፕ አፑን ከዜሮ ተነስተው ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ጥይቷ ወደ ላይ መውጣት ስትጀምር ጥቂት ይመልሱ።

ያበጠውን ባትሪ ቻርጅ አያድርጉት፣ አይብሱት፤ በእሳት ሊያያዝ ይችላልና ከቤት ያውጡት። አዲሱ 7.4 ቮልት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ከሆነ፣ ለሳምንታት ሲያስቀምጡት እስከ 8.4 ቮልት አይሙሉት፤ 7.6 አካባቢ ይተዉት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ሊያብጥ ይችላል። ጠመንጃውን ከግቢ ሲያወጡም ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ ከሩቅ ያየው ፖሊስ ከእውነተኛው አይለየውም።