ታይላንድ፣ ባሊ ወይስ ማሌዥያ? መጀመሪያ የአሠሪዎን ሰዓት ይዩ

ኮምቦልቻ ተቀምጠው ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር የሚሠሩት ወንድማችን «ላፕቶፔን ይዤ ወደ አንድ ሞቃት አገር ልሂድ ብል ታይላንድ፣ ባሊ ወይስ ማሌዥያ ይሻለኛል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ የማሌዥያዋ ፔናንግ ደሴት ላይ እየኖርኩ ለአንድ የጀርመን ድርጅት በርቀት ሠርቻለሁና ያየሁትን ልጻፍ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ቪዛና ስለ ቤት ኪራይ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን አገሩን የሚወስነው የአሠሪው ሰዓት ነው። ማሌዥያና ባሊ ከእኛ በ5 ሰዓት፣ ታይላንድ ደግሞ በ4 ሰዓት ይቀድማሉ። በርሊን ላይ ሥራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲጀመር፣ በእነሱ የብርድ ወራት፣ ኮምቦልቻ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ፔናንግ ላይ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል (ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስለዚህ እኔ ቀኑን ገበያና ባሕር ስል ውዬ ማታ እሠራና እኩለ ሌሊት ላይ እጨርስ ነበር፤ ይህ ይቻላል፣ እንዲያውም የሚወዱት አሉ። አብሮኝ ይኖር የነበረው ልጅ ግን ለኒውዮርክ ድርጅት ስለሚሠራ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ የሚያበቃው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነበር፤ ቀን ቀን መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ይተኛል፣ ያችን ሁሉ ሰው የሚጎበኛትን ደሴት የሚያያት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ያው የኒውዮርክ ሥራ ኮምቦልቻ ላይ ቢሆን ከቀኑ 11 ሰዓት ተጀምሮ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ያልቅ ነበር። ለአሜሪካ የሚሠራ ሰው ወደ ምሥራቅ በሄደ ቁጥር እንቅልፉን እያጣ መሄዱ ነው።

ቪዛውን በተመለከተ፣ የታይላንዱ በ2024 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአምስት ዓመት ቪዛ በአንድ መግቢያ 180 ቀን ያስቀምጣል፤ 500,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) እንዳለዎት ማስረጃ ይጠየቃሉ። የባሊ ደሴት የምትገኝባት ኢንዶኔዥያ ለርቀት ሠራተኞች የምትሰጠው ቪዛ በዓመት 60,000 ዶላር ገቢ ስለሚጠይቅ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነው። ማሌዥያ ዴ ራንታው በሚባለው ፈቃዷ ከቴክኖሎጂ ባለሙያ የምትፈልገው በዓመት 24,000 ዶላር ነው። ማንም የማያነሣት የሕንድ ውቅያኖሷ ደሴት ሞሪሸስ ደግሞ በወር 1,500 ዶላር ገቢ ትጠይቃለች፣ ለቪዛው ክፍያ አታስከፍልም፣ ከሁሉም በላይ ሰዓቷ ከእኛ በአንድ ብቻ ይቀድማል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዝዎን ገልጠው አስቀድመው ይጠይቁ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አውሎ ነፋስ ሊመጣባት እንደሚችልም ይወቁ። የትም ቢሄዱ የሥራ ውልና ደመወዝዎ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ መግለጫ ስለሚፈለግ ሁለቱንም ከአሁኑ ያደራጁ። ማሌዥያ ውስጥ በዓመት 182 ቀን፣ ታይላንድ ውስጥ 180 ቀን የቆየ ሰው በግብር ሕግ እንደ ነዋሪ ስለሚቆጠር ቀንዎን እየቆጠሩ ይቀመጡ።

ስለ አየሩ ሳልናገር አላልፍም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ጋቢ ለብሶ ያደገ ሰው የፔናንግን ወበቅ አስቀድሞ ሊገምተው አይችልም። ሙቀቱ ቀን ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ ማታም ብዙ አይወርድም፣ አየሩም ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት የቆዳ ቀበቶና ጫማ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ፤ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ካለው ክፍል ወደ ውጭ ስወጣ መነጽሬ ወዲያው በጉም ይሸፈናል፣ ላፕቶፑም እንዲሁ ጤዛ ስለሚይዝ ወዲያው አይከፈትም፣ በቦርሳው ውስጥ እንዳለ ሙቀቱን እስኪለምድ ይጠበቃል። ኤሲ የሌለው ክፍል ውስጥ ቀን መሥራት አይሞከርም፣ የመብራቱ ሂሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ውጭ ነው፤ ይህን አከራዩን በጽሑፍ ይጠይቁት። በምግብ በኩል አብሽሩ፣ ሐላል ምግብ በየመንገዱ አለ፤ ናሲ ካንዳር የሚባለው ሩዝ ከነወጡ በሌሊትም ስለሚገኝ የሌሊት ሠራተኛ አይራብም። ጾመኛ ክርስቲያን ግን በብዙው ምግብ ውስጥ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቅመም መኖሩን አስቀድሞ ይወቅ።

ብዙዎቻችን መውጣትን ያሰብነው ባሕር ናፍቆን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ውል የነበረው ሁሉ ሥራውን እንዴት እንደሚያስረክብ ተጨንቆ ነበር። ሥጋትዎ ይህ ከሆነ ሩቅ አገር ከመሄድ ይልቅ አዲስ አበባ ለጊዜው የሚያርፉበት ክፍል ማዘጋጀት በእጅጉ ይረክሳል፤ ኮምቦልቻም አውሮፕላን ማረፊያ አላት።

አሠሪዎ የየት አገር እንደሆነና ስብሰባዎቹ በቀጥታ መገኘት የሚጠይቁ መሆናቸውን ቢጽፉልን ከእነዚህ አገሮች አንዱን ለይቼ ልነግርዎት እችላለሁ።