ሥጋን በሱ ቪድ ማብሰል፦ ከደብረ ማርቆስ ለደረሰን ጥያቄ

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ውጭ አገር ያለች እህቴ ሱ ቪድ የሚባለውን፣ አየሩ በወጣለት ከረጢት የታሸገን ሥጋ በሞቀ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርጎ የሚያበስለውን መሣሪያ ልካልኛለች። መመሪያው የበሬ ሥጋ በ57 ዲግሪ ይብሰል ይላል። ከተማችን ደጋ በመሆኗ ባቄላ እንኳ ቶሎ አይበስልም፤ ታዲያ ሙቀቱን ልጨምር? ሥጋውን በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ለውሼ፣ አብስዬ ለነገ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባቄላው የሚያስቸግርዎ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ነው። በመሣሪያዎ ውስጥ ያለው ውኃ ግን አይፈላም፤ 57 ዲግሪ በደብረ ማርቆስም በዓባይ በረሃም ያው 57 ዲግሪ ነውና ለከፍታው ብለው የሚጨምሩት የለም።

እኔ ግን በሌላ ምክንያት 60 ዲግሪ እንዲያደርጉት እመክራለሁ። በአገራችን የበሬ ሥጋ ውስጥ የኮሶ እጭ እንደሚገኝ እናውቃለን፤ መሃሉ ድረስ 60 ዲግሪ በሞቀ ሥጋ ውስጥ እጩ አይተርፍም። ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በሚገባ ለመግደልም በ54.4 ዲግሪ 112 ደቂቃ ያህል ሲያስፈልግ፣ በ60 ዲግሪ 12 ደቂቃ ይበቃል። ደቂቃው የሚቆጠረው ሥጋው ውኃ ውስጥ ከገባበት ሳይሆን መሃሉ ያን ሙቀት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙዳ መሃሉ እስኪሞቅ ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ብዙ አብሳዮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ለነገ ማስቀመጡ ነው። ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያስከትለውን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ነጭ ሽንኩርትም ከአፈር ይዞት ሊመጣ ይችላል። ስፖር የሚባለው ጠንካራ ዘሩ በፈላ ውኃ እንኳ አይሞትም፣ አየር በሌለበት ከረጢት ውስጥም ይመቸዋል፤ ነርቭን ሽባ የሚያደርገው መርዙ የምግቡን ሽታ ላይለውጥ ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን ከረጢቱ ውስጥ አይጨምሩ፤ ሥጋው ከወጣ በኋላ በምጣድ ላይ ሲጠብሱት ይጨምሩት፣ ወዲያውኑም ያቅርቡት። የግድ ማስቀመጥ ካለብዎ ከረጢቱን በበረዶ ውኃ ፈጥነው አቀዝቅዘው ከ3 ዲግሪ በታች ያቆዩት። መብራት በሚጠፋበት ቤት ግን ማቀዝቀዣውን አምነው ባያስቀምጡት እመርጣለሁ።

በማብሰል ላይ እያሉ መብራት ጠፍቶ ውኃው ከ54 ዲግሪ በታች ከወረደና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ካላወቁ፣ የሥጋው ዋጋ ቢቆጭዎትም ይጣሉት። ከረጢቱም ለምግብ የተሠራና ሙቀት የሚችል ይሁን እንጂ የገበያ ፌስታል አይሁን።

ቴርሞሜትርዎን ሁለት ጊዜ ይፈትኑት። በተፈጨ በረዶና ውኃ ውስጥ 0 ማሳየት አለበት፤ በፈላ ውኃ ውስጥ ደግሞ በእርስዎ ከተማ 92 አካባቢ ማሳየት አለበት። 100 ካለዎት ስምንት ዲግሪ ያህል አብልጦ እያነበበ ነውና በእሱ ለክተው አያብስሉ።