መልስ፦ ይለወጣል፣ ግን በጉርሻ አይደለም

እህቴ፣ «ባሌ 34 ዓመቱ ነው፤ ከሽሮ፣ ከጥብስና ከፓስታ ሌላ አይነካም፤ ይለወጥ ይሆን?» ብለሻል። ይለወጣል። ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ያውም እሱ ከፈለገ።

እኔ እስከ 28 ዓመቴ ቲማቲም አልበላም ነበር። ችግሬ ጣዕሙ አልነበረም፤ አፌ ውስጥ ሙልጭልጭ ሲልብኝ ያቅለሸልሸኛል። እናቴ በጉርሻ ላስለምድ ስትል ጭራሽ ባሰብኝ። (ጉርሻ ፍቅር ነው፤ የማይወዱትን ሲጎርሱ ግን ቅጣት ነው።) መጀመሪያ የለመድኩት ፓስታ ላይ በደንብ የበሰለ ስጎ ነው። ቀጥሎ ስልስ። ፍርፍር ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ጥሬውን ዛሬም ከሰላጣ ውስጥ እየለቀምኩ አወጣለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቂው፤ የሚያስጠላው ሽታው ነው፣ ልስላሴው ነው ወይስ ምሬቱ? ጎመን ከመረረው ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው። ከሚወደው ሽሮ ጎን ትንሽ አድርጊና ዝም በይ። «ቅመስ፣ ቅመስ» አትበይው። አንድ ምግብ ለመልመድ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልግ ይችላል። ደግሞ ሽሮው ውስጥ ደብቀሽ እንዳታስገቢ፤ ከነቃ ሽሮውንም ይተወዋል!

ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ወይም ምግቡን ፈርቶ ሰርግና ድግስ ከቀረ ግን ነገሩ ቅብጠት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲህ ያለውን ምግብ የመምረጥ ከባድ ችግር ከአመጋገብ ሕመሞች ተርታ አስገብቶታል። ያኔ ሐኪም ያማክር።