መልስ፦ ጅማ ሥራ የሚገኘው በየትኛው ወር ነው?

ወንድሜ፣ «ጅማ በየትኛው ወር ልምጣ?» ላልከው፣ እዚህ ወሩን የሚወስነው ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ሲቀላ፣ በጎማና በሊሙ ወረዳዎች በኩል ለቀማው ይጧጧፋል። ክፍያው በኪሎ ነው፤ ጣቱ የፈጠነ ያገኛል። ያኔ ከተማ ውስጥ ግንበኛ እንኳ ረዳት ያጣል።

ክረምት ላይ ግን ግንባታው በዝናብ ይቀዘቅዛል። አዲስ ተመራቂውም ዲግሪውን ይዞ ይጨመራል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ያለውን ግፊያ ማየት ነው!

የሥራ አጥ ቁጥር ስታነብ ደግሞ ልብ በል። በዓለም የሥራ ድርጅት መለኪያ፣ በሳምንት 1 ሰዓት በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ግማሽ ቀን ሲሚንቶ ያወረደ ልጅም «ሥራ አለው»። ይገርማል አይደል?

ለቀን ሥራ ከሆነ መስከረም መጨረሻ ላይ ና።