ድምፅም ይጠናል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። አንድ አንትሮፖሎጂስት (የሰዎችን ባህልና አኗኗር የሚያጠና ማለት ነው) ከተማ የሚኖሩ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችን በሬዲዮ በኩል አጥንቷል ሲባል ሰማሁ፣ ሬዲዮ ምኑ ይጠናል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በደንብ ይጠናል እንጂ! ዳንኤል ፊሸር ይባላል፣ ሰሜን አውስትራሊያ ዳርዊን ላይ የነባሮቹን ሕዝቦች ሬዲዮ ተከታትሎ ነው የሠራው፤ እዛ ሰው ይደውልና ለሩቅ ዘመዱ፣ እስር ቤት ላለ ወንድሙ ሳይቀር ዘፈን ይጋብዛል፣ ስም ይጠራል፣ ቤተሰብ ቢበታተንም ዝምድናው በሬዲዮ ይቀጥላል ማለት ነው፣ እኔን በጣም የነካኝ ይሄ ነው። እኛ ጋም እኮ የሚጠና ድምፅ ሞልቷል፤ ፒያሳ ቁምና ስማ፣ አዛኑ፣ ቅዳሴው፣ ከባጃጅ የሚወጣው አምባሰል። ማን የቱን ሰምቶ ማንን እንደሚናፍቅ ሹፌሮቹን ጠይቅ፣ ድምፃቸውን ስትቀዳ ግን አስፈቅድ።