ስለ ፊልምና ፖለቲካ ጠይቁኝ

እስከ ማታ ድረስ እዚሁ ነኝ። ፒያሳና አምባሳደር አካባቢ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ደግሞ ስለ ፊልም እጽፋለሁ። ፊልሞች ኑሯችንንና ፖለቲካችንን እንዴት እንደሚያሳዩ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፊልሞቻችን ለምንድነው ከፍቅርና ከቀልድ የማይወጡት? ፖለቲካ የሚባል ነገር የለባቸውም እኮ።

አለባቸው ወንድሜ። ሀብታም ቤት ውስጥ የሚካሄድ አንድ ኮሜዲ ክፈትና የቤት ሠራተኛዋን ብቻ ተከታተል። በር ትከፍታለች፣ ጁስ ታቀርባለች፣ ትወጣለች። ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣች አይነገረንም፣ ካወራችም የገጠር አነጋገሯ እንዲያስቅ ነው። ይሄ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እኔ ፊልም ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ይወስናል፣ በውሳኔው ማን ምን ያጣል የሚለውን ነው። ገንዘቡንም አትርሳ። ፕሮዲውሰሩ ያወጣውን ብር ከትኬት ማግኘት አለበት፣ ስለዚህ ሰው ይስቅበታል ብሎ ያመነውን ይሠራል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ፖለቲካን በደንብ ያሳየ አንድ የኛ ፊልም ጥቀስልኝ።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። በአብዮቱ ሰሞን በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ባለርስቱ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ ጭሰኞቹን ሲቆጣ ይውላል፣ እነሱ ከታች ያርሳሉ። ካሜራው አይቸኩልም፣ የእርሻውን ድካም አንተም እስክትደክም ያሳይሃል። ከዚያ ከብት የምትጠብቀው ልጅ የባለርስቱን ላም ከጎርፍ አድናለሁ ስትል ውሃው ይወስዳታል። ስለ መሬት ሥሪት አንድ ሰዓት ንግግር ቢደረግ እንኳ ይሄን ያህል አይገባም። የላሟና የልጅቷ ዋጋ እዚያው ፊትህ ይመዘናል።

ጥያቄ፦ «ድፍረት» የጠለፋን ሕግ አስቀየረ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

አይደለም እህቴ፣ ይሄ በደንብ ይስተካከል። ፊልሙ የሚተርከው ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችው ልጅ ጉዳይ የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ይከፍት ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሕግ ነው፣ ፊልሙ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014። ሕጉን ያስለወጡት ዓመታት የታገሉት ሴት ጠበቆችና ልጅቷ ራሷ ናቸው። እንዲያውም ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆሞ ነበር፣ ባለታሪኳ ያለፈቃዴ ነው በማለቷ። እግዱ በኋላ ተነሳ። ጥያቄው ግን እስካሁን ያሳስበኛል። አንዲት ሴት ያለፈቃዷ ስለመወሰዷ ፊልም ስንሠራ ታሪኳንም ያለፈቃዷ ከወሰድን ምን አደረግን? ፊልሙን እወደዋለሁ፣ ይሄ ቅሬታ ግን አብሮት መነገር አለበት።

ጥያቄ፦ ሽልማት የሚያገኙት በፈረንጅ ገንዘብ ለፈረንጅ ዓይን የተሠሩት ናቸው። ምን ትላለህ?

ሁሉንም በአንድ ላይ አትፈርጃቸው። «ጤዛ» የተባለው የኃይሌ ገሪማ ፊልም የጀርመን ገንዘብ አለበት። ሆኖም ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር እግሩን ያጣው እዚያው ጀርመን አገር በዘረኞች ጥቃት ነው። ፊልሙ ገንዘቡ የመጣበትን አገር አልማረውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት የሰጡትም አፍሪካውያን ናቸው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እነዚህን ፊልሞች እዚህ አገር ስንቱ ሰው አይቷቸዋል?

ጥያቄ፦ ሳንሱር አለ ወይስ የለም?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ይሁንና የሰውን ድርሰት ሳነብ ብዙ ጊዜ የማየው ጸሐፊው ማንም ሳይጠይቀው በራሱ እጅ የቆረጠውን ነው። የሴኔጋሉን የፊልም ዳይሬክተር ኡስማን ሴምቤን አስቡት። አዲሱን ሹመኛና ነጋዴ የሚተች ፊልሙን አገሩ ላይ ሲቆራርጡበት፣ የተቆረጡትን ትዕይንቶች በወረቀት አሳትሞ ለተመልካቹ አደለ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ሰፈሬ ለልማት ፈረሰ፣ ስለሱ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። ስብከት እየሆነብኝ ተቸገርኩ።

ስለ ልማት የሚከራከሩ ሰዎችን ከድርሰትህ አውጣቸው። የእድሩን ዳኛ ያዝ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት እሳቸው እጅ ነው። አባላቱ ግማሹ ወደ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ ወደ ሌላው ሄደዋል። ዕቃው የት ይቀመጥ? ሰው ሲሞት ማን ድንኳን ይተክላል? መዝገቡ ላይ ያለውን ስም እየጠሩ ስልክ ሲደውሉ አሳየን፣ አንዳንዱ ያነሳል፣ አንዳንዱ ቁጥሩ አይሠራም። የወረዳውን ሠራተኛም ክፉ አታድርገው፣ ምናልባት እሱም ከዚያው ሰፈር ነው፣ የእናቱ ስም እዚያው መዝገብ ላይ አለ። መጀመሪያ ግን ሰፈርህ የነበሩ አንድ የእድር ዳኛ ፈልገህ ጠይቃቸው፤ እኔ ከምነግርህ የተሻለ እሳቸው ያውቁታል።