ባንክ ወይስ ጥገና፦ ከደብረ ብርሃን ለጻፈችልኝ እህት

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ዩኒቨርሲቲ አላስገባሽም። አባትሽ የዕቁብ ብራቸውን አውጥተው በግል ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ እንድትማሪና ባንክ እንድትገቢ ይፈልጋሉ። አንቺ በመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሮ መካኒካል ጥገና መማር ትፈልጊያለሽ። ወንድምሽ ደግሞ በኢትዮጵያ ካለው ሥራ 85 በመቶውን ሮቦት ይወስደዋል የሚል አንብቦ፣ «ምንም ብትማሪ ዋጋ የለውም፤ ይልቅ ዱባይ ያለችው አክስታችን ትውሰድሽ» ይልሻል።

ከወንድምሽ ልጀምር። ቁጥሩ የፈጠራ አይደለም፤ የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ያወጣው ነው። ነገር ግን የሚነግረን ማሽን ሊሠራው የሚችለውን ሥራ እንጂ በእርግጥ የሚወስደውን አይደለም። ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበትና ቴክኖሎጂ ዘግይቶ በሚገባበት አገር ቁጥሩ በብዙ እንደሚወርድ ያው ዘገባ ይናገራል። አዲዳስ ጀርመን ውስጥ አንስባክ በምትባል ከተማ ሮቦቶች ጫማ የሚሠሩበት ፋብሪካ ከፍቶ ነበር፤ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 እንደሚዘጋው አስታወቀ። ልብስ ስፌት ደግሞ ለሮቦት ከዚህም ይከብዳል። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይሸበሸባል፣ ይለጠጣል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ፊት በተቀመጡ ወጣት ሴቶች የተሞላው ስለዚህ ነው።

ይህን የምነግርሽ ግን እንድትዘናጊ አይደለም። ጉልበቴ ርካሽ ስለሆነ ማሽን አልተካኝም ማለት ዋስትና አይደለም። እኔ 11 ዓመት በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ሳጥን የሚደረድረው ማሽን በገባበት ዓመት፣ በሦስት ሽፍት ሳጥን ሲያነሡ የኖሩት ሰዎች ተሰናበቱ። ብርቱና ታማኝ ሰዎች ነበሩ፤ አብረን ምሳ የበላን። በር ላይ ቆመው የሥራ ልብሳቸውን ሲያስረክቡ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ገና ወር ሳይሞላ ማሽኑ እኩለ ሌሊት ላይ ቆመ። የተከሉት የውጭ ባለሙያዎች ሄደዋል። ፓነሉን ከፍተን፣ ከመመሪያው ጋር እያመሳከርን፣ እስኪነጋ ፈለግን። ችግሩ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሴንሰር ነበር፤ የለስላሳ ቅሪት ደርቆበት ሳጥን አይታየውም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ፒኤልሲ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘውን መቆጣጠሪያ፣ ተግቼ መማር የጀመርኩት።

ሮቦት የሚበረታው በየቀኑ አንድ ዓይነት በሆነ ሥራ ላይ ነው። ሳጥኑ አንድ ነው፣ ቦታው አንድ ነው፣ እንቅስቃሴው አንድ ነው። ብልሽት ግን አንድ አይደለም። አንዱ ፋብሪካ የጣሊያን ማሽን ይዟል፣ ሌላው የቻይና፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለው ዕቃ ይለያያል፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ሰው ዘዴ መፍጠር አለበት። ማሽኑ ወደ ፊት ብልሽቱን ራሱ ይነግረን ይሆናል። ማጓጓዣው ሥር ገብቶ የሚፈታው ግን ለረጅም ዘመን ሰው ነው። አንቺ ባለሽበት ከተማ ደግሞ የቢራ ፋብሪካዎች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ።

አሁን ወደ አባትሽ። በአክብሮት እናገራለሁ፤ ነገር ግን አላለሳልሰውም። አባትሽ የመረጡልሽ ሥራ ሳይሆን ወንበር ነው። ባንክ የሚሉት መስኮት ጀርባ ያለውን መቀመጫና ንጹሑን ልብስ እያሰቡ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ምን እንዳደረገ ይመልከቱ፤ ትናንት ገንዘብ ለመላክ ይሰለፍ የነበረው ሰው ዛሬ ስልኩን ይነካል። ቫውቸር መመዝገብና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን የመሰለውን የጀማሪ ሥራ ፒችትሪ ከተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ጀምሮ ኮምፒውተር ሲወስደው ቆይቷል፤ እጅና እግር ያለው ሮቦት እንኳ አላስፈለገውም። የሚቀረው የመመርመርና የመመዘን ሥራ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ዓመት ትምህርት ይጠይቃል። ብዙ ባንኮች ለጀማሪ ገንዘብ ያዥነትም ዲግሪ ነው የሚጠይቁት። የዕቁቡ ብር አልቆ፣ የደረጃ የምስክር ወረቀት ይዘሽ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስትቆሚ ይታየኛል።

ይህ የእጅ ሥራን የመናቅ ነገር ከአባትሽ የጀመረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሙያው የሚሳደብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም እናቴ ለጎረቤት የምትናገረው «ልጄ መሥሪያ ቤት ገብቷል» ብላ ነበር እንጂ «ማሽን ይጠግናል» ብላ አይደለም። ቅባት የነካው ልብሴን ከቤት ጀርባ ነበር የምታሰጣው። እወዳታለሁ፤ ያ ግን ያመኝ ነበር፤ አንቺም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

«ኤሌክትሪክ የሴት ሥራ አይደለም» ላሉሽ፣ ከእኔ በኋላ ጥገና ክፍላችንን የመራችው ሴት መሆኗን ንገሪያቸው። ስለ ዱባይ፦ ሙያ ይዘሽ ብትሄጂ ሌላ ነገር ነው፤ ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። የጥገና ጀማሪ ደመወዝም ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይከብዳሉ።

ኮሌጁን ግን በስሙ አትመኚ። ሄደሽ ወርክሾፑን አሳዩኝ በዪ። ማሽኖቹ አቧራ ለብሰው ቆመው እንደሆነ ወይም የሠልጣኝ እጅ የነካቸው እንደሆነ ዓይንሽ ይነግርሻል። ፒኤልሲ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚሰጥ ጠይቂ። የትብብር ሥልጠናው፣ ማለትም ፋብሪካ ገብተው የሚለማመዱበት ጊዜ፣ በየትኛው ፋብሪካ እንደሆነና ሠልጣኞቹ እዚያ መፍቻ ይዘው እንደሚሠሩ ወይስ ሻይ ሲያመላልሱ እንደሚውሉ ከሚማሩት ልጆች ስሚ። አባትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ወርክሾፑን በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ ከዕቁቡ ብር ጥቂቱን ለመልቲሜትር (ለኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ለመፍቻ እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው፤ ቀሪውን ይያዙት።